የእህቴ ሽማግሌዎችና የኔ ድስት

እኔ በሙያዬ አፍሬ አላውቅም። ሰው «ወጥ ሠሪዋ» ሲለኝ «ሼፍ» ብዬ አርማለሁ፤ «ሼፍ» ሲለኝ ደግሞ አንገቴን ቀና አድርጌ እሄዳለሁ። ሆሳዕና ከተማ ለስብሰባ መጥቶ ምሳ የበላ ሰው እጄን ሳያውቀው አይቀርም። ያሳፈረኝ በሙያዬ ላይ የደረብኩት የድስት ንግድ ነው። እሱም በራሴ ላይ ቢያበቃ ምንም አልነበረም፤ የታናሽ እህቴን ትዳር ይዞ ሊሄድ ነበር እንጂ።

ድስቱ ግራናይት ይባላል። ግራናይት ይሁን ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ጌታ ይወቀው። አምጪዎቹ ሱቅ የላቸውም፤ ሱቃቸው እኛ ሻጮቹ ነን። አንዷ ቤት ጎረቤት ይሰበሰብልናል፣ ምድጃ ለኩሰን እዚያው ፊታቸው እናበስላለን፣ ከዚያ ማን ይገዛል እንላለን። ከአዲስ አበባ የመጣችው አሰልጣኛችን አጥብቃ የነገረችን ነገር ቢኖር ያለ ዘይትና ያለ ቅቤ አብስሉ፣ ሲያልቅ ድስቱን ዘንበል አድርጋችሁ እንዳልያዘ አሳዩ የሚለውን ነው። «ሰው በጆሮው የሰማውን ይጠራጠራል፣ በዓይኑ ያየውን ግን ይገዛል» ትለን ነበር። አዳራሽ ሙሉ ሰው አስነስታ «ያለ ቅቤ! ያለ ቅቤ!» እያስባለች አስጨበጨበችን። እኔም ስንት ድግስ ያወጣሁ ሴትዮ፣ እንደ መዋዕለ ሕፃናት ልጅ ቆሜ አጨበጨብኩ። አሁን ሳስበው ፊቴ ይግላል።

ለምን ገባሽበት የሚለኝ ካለ፣ ሆቴል ኪችን ውስጥ ቆሞ ያረጀ ጉልበት ይጠይቅ። ስሙ ሼፍ ነው፤ ኑሮው ቆሞ መዋል ነው። አንድ ቀን የራሴን ትንሽ ምግብ ቤት እከፍታለሁ የሚል ሕልም ነበረኝ፣ መንገዱ ይሄ ነው ብለው አሳመኑኝ። ደግሞ አልዋሽም፣ ለሥራው የተፈጠርኩ ነበርኩ። ሌላዋ ሻጭ ምላሷ እስኪደርቅ የምትለፈልፍበትን እኔ ነጩን ጃኬቴን ለብሼ ብቅ ስል ያልቅልኛል። «ሼፏ የምትጠቀምበት ድስት እኮ ነው» ይባባላሉ። ኧረ ወዲያ! ሼፏ ሆቴሏ ውስጥ የምትጠቀመው ጎኑ በተጣመመ፣ እጀታው በሽቦ በታሰረ የድሮ ድስት ነው። ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርኩም።

ለድግስ ሥራ ስጠራም ድስቶቼን ጭኜ ነበር የምሄደው። ሾኔ ሄጃለሁ፣ ሀደሮ ሄጃለሁ፣ ዱራሜ ሄጃለሁ። ሰው በልቶ «እጅሽ ይባረክ» ሲለኝ፣ አሜን በማለት ፈንታ «ድስቱ ነው እኮ» እላለሁ። እናቴ አንድ ጊዜ ሰምታኝ «እጅሽን ለምን ትሰድቢዋለሽ?» አለችኝ። ቢዝነስ አይገባሽም ብያት አለፍኩ። ሾኔ ላይ ደግሞ አንዲት አሮጊት የማሳያውን ጎመን ቀምሰው፣ ድስቱን በጣታቸው ኳ ኳ አድርገው፣ «ቅቤ የማይፈልግ ድስት? ምነው፣ ታሟል እንዴ?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። እኒያ ሴትዮ እየመከሩኝ እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው።

እህቴ የቤታችን የመጨረሻ ልጅ ናት፤ አስተማሪ ናት፤ እንደኔ አፏ አይፈጥንም። የወደደችው ልጅ የጃጁራ ልጅ ነው፣ ግብርና ቢሮ ይሠራል፣ በመዝሙር ቡድን ነው የተዋወቁት። ሽማግሌ ላከ። አባቴም እንደ ወጉ በመጀመሪያው ቀን «ተማክረን እንመልሳለን» ብሎ ሸኛቸው። ሁለተኛው ቀጠሮ የመልስ ቀን ነበር። በዚያ ቀን እሺ ይባላል፣ እሺ ከተባለ በኋላ ሽማግሌዎቹ ቤቱ ውስጥ ይበላሉ። ከዚያ በፊት ውኃ እንኳ አይቀምሱም። የሚበሉት ደግሞ አታካና ነው።

አታካናን ለማያውቅ ሰው፣ ቡላ ነው፤ በወተትና በቅቤ እየተማሰለ ክንድ እስኪዝል የሚበስል፣ ሲቀርብ ቅቤው ከላይ ተኝቶበት የሚቀርብ ምግብ። ለማንም አይሠራም። ለሚከበር ሰው ነው የሚሠራው፤ የክብሩም ልክ የሚታየው በቅቤው ነው። እናቴ ለዚያ ቀን ብላ ከዊጆዋ ተራዋን አስቀድማ ጠይቃ ነበር። ዊጆ ማለት ሴቶች ቅቤያቸውን እያዋጡ በየተራ የሚወስዱት ዕቁብ ነው፤ ጓደኞቿ የልጅ ጉዳይ ነው ሲባሉ አላንገራገሩም። ቅቤው ተነጥሮ፣ በሸክላ ማሰሮ ሆኖ፣ ጓዳ ጥግ ተቀምጧል። የአታካና ሸክላዋንም አጥባ ፀሐይ ላይ ደፍታዋለች።

እኔ ደግሞ ጠዋት ግራናይቴን ይዤ ደረስኩ።

«እማ፣ ዛሬ አንቺ የሙሽራ እናት ነሽ፤ ነጠላሽን ልበሺና ቁጭ በይ» አልኳት።

«አታካናውን እንኳ እኔ ላማስለው።»

«እማ! እኔ እኮ ሼፍ ነኝ!»

«እሱማ ነሽ» አለችና እጇን ታጥባ ወጣች።

አይ ክፋት አልነበረኝም ብዬ ማለፍ ይቻል ነበር። ግን ምን እያሰብኩ እንደነበር አውቀዋለሁ። ከሽማግሌዎቹ ጋር የሙሽራው አክስት እንደምትመጣ ሰምቻለሁ፤ ጃጁራ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ሴቶችን የምትሰበስብ፣ ቃሏ የሚሰማ ሴት ናት አሉኝ። እሷ ድስቱን ካየችልኝ ጃጁራ በሙሉ ተከፈተልኝ ማለት ነው አልኩ። የእህቴን የመልስ ቀን በልቤ የማሳያ ቀን አደረግሁት። ቡላውን በወተት በተንኩ፣ ይዤው ከመጣሁት ቅቤ በማንኪያ ጫፍ ጣል አደረግሁ፣ ማሰልኩ። ውነቱን ልናገር፣ ድስቱ አልያዘም፤ አምሮ ነው የወጣው። የእናቴ ማሰሮ ክዳኑ ሳይነሳ እዚያው ጥጉ ላይ ቀረ።

ሳሎን ውስጥ ነገሩ እንደ ወጉ ሄደ። ሽማግሌዎቹ ጠየቁ፣ አባቴ ትንሽ አስጨነቃቸውና «ልጃችሁ ልጃችን ይሁን» አለ። እልል ተባለ፣ ተጸለየ። እህቴ ጓዳ መጥታ አቀፈችኝ፤ ልቧ ሲመታ ደረቴ ላይ ይሰማኝ ነበር። «አስቀምሻቸው፣ ቶሎ በይ» አለችኝ። እኔም ነጩን ጃኬቴን ለበስኩ። ጌታ ሆይ፣ ጃኬቱን ምን አስለበሰኝ? በገዛ አባቴ ቤት፣ በገዛ እህቴ ቀን! ምግቡን በገበታ ማቅረብ ሲገባኝ ድስቱን እንዳለ ይዤ ገባሁ። ክዳኑን ከፈትኩ። አክስቲቱ ፊት ደርሼ ድስቱን ዘንበል አደረግሁት፤ አፌም እንደለመደው ተናገረ።

«ይዩት፣ ምንም አልያዘም። ቅቤ እንኳ አያስፈልገውም!»

አንድ ሰው ሳለ። ዋናው ሽማግሌ አባቴን አዩት፣ አባቴ ድስቱን አየው። እናቴ የጓዳው በር ላይ ቆማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አክስቲቱ ግን ጨዋ ናት፣ «ጥሩ ድስት ነው» አለች። ቀረበላቸው፤ ቀመስ ቀመስ አደረጉ፤ ጌታ ይባርካችሁ ብለው እጃቸውን ታጥበው ወጡ። እኔ ጅሏ ደግሞ ምን እንደከፋኝ ታውቃላችሁ? የድስቱን ዋጋ ሳይጠይቁኝ መሄዳቸው!

ከዚያ በኋላ የሠርጉን ቀን ለመቁረጥ ይመጣሉ ብለን ጠበቅን። አልመጡም። እህቴ ለልጁ ስትደውል መጀመሪያ ሥራ በዝቶባቸው ነው አለ፤ ቀጥሎ አባቶች ይነጋገራሉ አለ፤ በመጨረሻ ድምፁ ራሱ ተለወጠ። ልጅቷ መብላት አቆመች። ትምህርት ቤት ሄዳ ትመጣለች፣ ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። እኔ የወንዱን ወገን ስሳደብ ነበር የከረምኩት። የጃጁራ ሰው ቃሉን የማያከብር ነው አልኩ፣ ልጁ ሌላ ይዟል አልኩ፣ ያላልኩት የለም።

ነገሩን ያመጡልን ሽማግሌዎቹን መርተው ያመጧቸው ጎረቤታችን ናቸው። አንድ እሑድ ከቸርች መልስ ገብተው ተቀመጡና፣ ዋናው ሽማግሌ ያሏቸውን በሀዲይኛ ነገሩን። ወደ አማርኛ ሳመጣው ትንሽ ይለዝባል፤ «አፋችሁ እሺ አለን፣ ገበታችሁ ግን እምቢ አለን» ነው ያሉት። በእኛ አገር ለሚወደድ እንግዳ አታካና ቅቤው እስኪፈስ ይደረግለታል፤ ደረቁን የሚሰጠው ሂድ የሚባል ሰው ነው። ይሄ እንዲያው ቅቤ ጎድሎ የቀረበ ቢሆን ችግር ነው ብለው ያልፉት ነበር አሉ። ግን የቤቱ ልጅ ራሷ ተነስታ ቅቤ አያስፈልግም ብላ በአደባባይ ተናገረች። ከዚህ የባሰ ምን ዓይነት እምቢታ አለ?

ጎረቤታችን አንገታቸውን ነቀነቁና «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ ምን ይደረጋል» አሉ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አባቴ ተነስቶ ወደ ግቢ ወጣ። እሱ ሲቆጣ ይጮሃል፤ ዝም ብሎ ከወጣ ግን አፍሯል ማለት ነው። እህቴ አላለቀሰችም። ቀና ብላ አየችኝና «ስንት ቀን አለ ለመሸጫ? የኔን ቀን ሸጥሽው» አለችኝ። በቃ፣ ይህን ብቻ።

እናቴ ናት የተናገረችው። «ይሄኛው ወለምታ በቅቤ ይታሻል» አለች፤ ተነሳች፤ ማሰሮዋን ከጥጉ አወጣች።

በማግስቱ ጃጁራ ሄድን፣ እሷና እኔ። ቅቤውን በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ አሲዛኛለች፤ ሚኒባሱ ሲንገጫገጭ ጭኔ ላይ ይሞቃል፣ ቀሚሴን አርሶታል። ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት አወቀችኝ። «ሼፍ! ያ ያለ ቅቤ የሚያበስለው ድስት አለ እንዴ አሁንም?» አለችኝ፣ ጮክ ብላ። ሰው ሁሉ ዞረ። ቅቤ ታቅፌ እኮ ነው! «አልቋል» አልኳት። እናቴ በመስኮት ወደ ውጭ ትመለከታለች፤ ትከሻዋ ግን ይነቀነቅ ነበር። ስቃ ይሁን አልቅሳ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።

የሙሽራው እናት ደጃፍ ላይ ተቀበሉን። ቀጭን ሴት ናቸው፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ። መንገድ ላይ የተዘጋጀሁበት ንግግር ነበረኝ፣ ጠፋብኝ። «እማማ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። እናቴ ቅቤዋን አዘጋጅታ ነበር፣ አባቴም ምንም አያውቅም፣ እህቴም አታውቅም። ድስት ልሸጥ ብዬ ነው» አልኩ። ሌላ ማሳመሪያ አልነበረውም። «ይፍቀዱልኝና እዚሁ በእርስዎ ሸክላ እንደ ወጉ ልሥራ» ብዬ ጨመርኩ። እጄ ይህን ነገር ያነሳዋል፣ እጄ ይክሰዋል ብዬ ነበር የመጣሁት።

ቅቤውን ተቀበሉኝ። ወደ ጓዳ ልከተላቸው ስል በእጃቸው መለሱኝ። «እንግዳ ነሽ፤ ቁጭ በይ» አሉኝ።

ቁጭ አልኩ። ማማሰያው ሸክላውን ሲነካ ይሰማኛል፣ ሽታው ይመጣል፣ እኔ እጄን ጭኔ ላይ አጣምሬ እንግዳ ሆኛለሁ። ሲጨርሱ ሁሉንም በጣባ አድርገው ለእኔ አቀረቡ። ከዚያ እናቴ ያመጣችውን ቅቤ አቅልጠው ላዩ ላይ ያፈሱ ጀመር። «ይበቃሻል?» አሉኝ። በወጉ «በቃኝ» ማለት የእንግዳው ነው። እኔ ግን ማለት አቃተኝ። እሳቸው ያፈሳሉ። «ይበቃሻል?» ያፈሳሉ። ቅቤው ጣባው አፍ ደረሰ። ዕንባዬ ወረደ፣ እናቴ ናት በእኔ ፈንታ «ይበቃታል እህቴ፣ ይበቃታል» ያለችው።

«እንግዲህ መልሳችን ይሄ ነው፤ ብዪ» አሉኝ የሙሽራው እናት። በላሁ። አንዳቸውም አላገዙኝም። ስድብ ቢሆን እመልሰው ነበር፤ ለዚያ ግን ምን ይመለሳል?

ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ፣ ቀን ተቆረጠ፣ እህቴ መብላት ጀመረች። አሰልጣኛችን በየሳምንቱ ትደውላለች፤ ጉንፋን ይዞኛል እላለሁ። ድስቶቹ ከአልጋዬ ሥር ናቸው። እኔ ግን አንድ ነገር እየጠበቅሁ ነበር። እህቴ ስታገባ ድግሱን የማወጣው እኔ ነኝ፤ ይሄ ገና ልጅ ሳለች ጀምሮ በቤታችን የታወቀ ነው። የሚገዛውን ሽንኩርት ሁሉ በልቤ መርጬዋለሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ልብሷን ስትለካ ጠራችኝ። ወደ መስታወቱ እያየች ነው ያወራችኝ። «ይቅር ብዬሻለሁ። ከልቤ ነው። ግን ሠርጌ ላይ ወጥ ቤት አትገቢም።»

«እና ማን ሊሠራው ነው?» አልኩ፣ ያ ቁጣዬ መጣ። «ከየት የመጣች ወጥ ሠሪ—»

«ከሰው ጋር ተነጋግረናል።»

«ድስት አላመጣም እኮ! እምልልሻለሁ።»

«አውቃለሁ፣ አታመጪም» አለች። «እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ምን ልትይ ይሆን ብዬ ወደ ወጥ ቤቱ በር ሳይ መዋል አልፈልግም።»

እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

በሠርጉ ቀን አባቴ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተተከለ። እኔ ከእናቴ ጎን፣ የተሰፋልኝን የሀበሻ ቀሚስ ለብሼ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ ተቀምጫለሁ። ለድግስ እንዲህ አምሮብኝ አያውቅም። መዝሙሩ ደምቋል፣ እህቴ እንደ ፀሐይ ታበራለች። ከቤቱ ጀርባ ግን ሽታው መጣ። ሽንኩርቱ እየያዘ ነው። በትልቅ ድስት ሽንኩርት ሲያቁላሉ ሽታው መጀመሪያ ይጣፍጣል፣ ቀጥሎ ሹል ይሆናል፣ ከዚያ ያርራል፤ እኔ ሹል ሲሆን ነው የሰማሁት። ገና ይደረስበት ነበር። ውኃ ጣል አድርጎ ማንሳት ብቻ ነው። እግሮቼ ራሳቸው ቆሙ። እናቴ ወደ መድረኩ እያየች፣ ከሥር የቀሚሴን ጫፍ ያዘች። አልጎተተችኝም፣ ያዘችኝ ብቻ። ቁጭ አልኩ፤ ሽንኩርቱም አረረ።

ምሳው ቀረበ። ያቺ የጃጁራዋ አክስት አጠገቤ ነበረች፤ ቀይ ወጡን ቀመሰች፣ ቆም አለች፣ ወደ እኔ ዘንበል አለች።

«ትንሽ አሮበታል መሰለኝ፤ ያንቺ እጅ ነው አይደል?»

በሕይወቴ አሳርሬ አላውቅም። የራሴን የእጅ ሥራ ከመቶ ድስት መሃል አውቀዋለሁ፣ ያ የኔ አልነበረም። አይደለም ብላት ግን ቀጥሎ «ሼፍ ሆነሽ የእህትሽን ድግስ ለምን አልሠራሽም?» መባሉ አይቀርም፤ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ያ ታሪክ እንደገና ሊነሳ ነው፣ በእህቴ ሠርግ ላይ፣ ሙሽራዋ እያየችን።

«አዎ፣ የኔ ነው» አልኳት። «ሽንኩርቱን አሳለፍኩት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ኧረ ምንም አይልም፣ ይበላል» አለችና ክንዴን መታ መታ አደረገችኝ። ከወዲያ ያሉት ሴቶችም ሰምተው አንገታቸውን ነቀነቁ። እኔም ቆረስኩና በላሁ።